መስኮት ሰባት፣ ተራራ አንድ

በእኛ ጊዜ ሬዲዮን ማለት ዜና የሚሰማበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ የምላችሁ የምንነጋገርበትን ነው፣ ቁልፉን ተጭነህ ትናገራለህ፣ ለቀህ ትሰማለህ። ከንጉሡ ጊዜ ማብቂያ ጀምሮ በደርግም ጊዜ እንጦጦ ዳገት ላይ የመንገድ ሥራ ሬዲዮን ጣቢያ ነበረን፣ እኔም እዚያ ነበር የምሠራው፤ ክፍለ ሀገር ያሉት የመንገድ ካምፖች ሁሉ የሚያወሩት ከእኔ ጋር ነው። ታዲያ ነጎድጓዱ ቃሉን ይበላዋል፤ አበበ ያልከው ከበደ ሆኖ ይደርሳል። ፓይለቶቹ አልፋ፣ ብራቮ የሚሉት የፈረንጅ ፊደል አላቸው፤ የእኛ ፊደል ግን ስንት ነው? ለእያንዳንዱ ቃል ቢወጣለት ማን ይይዘዋል? እና እኛው የሬዲዮን ሠራተኞች ከየካምፑ እየተነጋገርን የራሳችንን አወጣን። መ መስኮት፣ ተ ተራራ፣ ረ ረቡዕ። ከዚያ ቁጥር ትጨምራለህ፤ መስኮት አንድ ሲባል መ ነው፣ መስኮት ሁለት ሙ፣ እንዲህ እያለ መስኮት ሰባት ሞ። ገባችሁ? “ነ” ለሚለው ፊደል ቃሉ ድሮ ንጉሥ ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ካድሬው "ይውረድ" አለ፣ ነፋስ አደረግነው።

ታዲያ አንድ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወሎ ካምፕ ያለው ባልደረባዬ አሰፋ ይጠራኛል፤ ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል። "ሞተ…" አለ፣ ከዚያ ነጎድጓድ፣ ከዚያ "…ታደሰ"። አለቃችን ጋሽ ወርቁ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ታደሰ የሚባል ሾፌር ወደዚያው ልከን ነበር፣ ሚስቱ አልማዝ እዚሁ ታች የካ ነው ቤቷ፣ እርጉዝ ናት። ጋሽ ወርቁ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ኮታቸውን አነሱ።

"የእድሩን ዳኛ ልጥራ፤ ጠዋት መርዶውን እናረዳታለን" አሉ።

"ጋሽ ወርቁ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፣ በፊደል ያምጣልኝ።"

"ሞተ የሚለው ምን ፊደል ያስፈልገዋል፣ ልጄ?"

"የሰው ስም በፊደል ካልመጣ አልጽፍም፤ ስንት ታደሰ አለ" አልኳቸው። እሳቸውን እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ግን እድሩ ከሰማ አልማዝ እስከ ጠዋት ሳትሰማ የምታድር ይመስላችኋል? ሰፈር እኮ ነው።

ጋሽ ወርቁ ተቀመጡ። እኔም ተጭኜ "አሰፋ፣ ከመጀመሪያው፣ በፊደል" አልኩት። አሰፋ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። "መስኮት ሰባት" አለ፣ ሞ ብዬ ጻፍኩ። "ተራራ አንድ" አለ፣ ተ ብዬ ጻፍኩ። እና እዚህ ጋ ያበቃል ስል "ረቡዕ ስድስት" አለ።

"ድገምልኝ።"

"ረቡዕ ስድስት። ረቡዕ ስድስት።"

ር። ሞተር። ከዚያ ታደሰ። ለካ ሰውዬው የመኪናው ሞተር ታደሰ እያለ ነው፤ ተበላሽቶ የነበረው ተጠግኖ አዲስ ሆነ ማለቱ ነው። "ሾፌሩስ?" አልኩት። "አጠገቤ ቆሟል፣ ነገ ይነሳል" አለኝ።

ጋሽ ወርቁ ኮታቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው "ከዛሬ ጀምሮ የሰው ሞት በፊደል ካልመጣ ከዚህ ቤት አይወጣም" አሉ፤ ለካምፑ ሁሉ አስተላለፍኩ፣ ጡረታ እስክወጣም እንደዚያው ነበር።

— አልማዝስ ሰማች፣ እማማ ጽጌ?

ታደሰ ራሱ ነገራት እንጂ። እና ከወለደች በኋላ ልጇን አዝላ ዳገቱን ወጥታ መጣች፤ "ባሌን ሞተር አድርገሽ መለስሽልኝ አሉ" አለችኝ። (እማማ ጽጌ ይስቃሉ) ተቃቅፈን ሳቅን። የመንገድ ሥራ ሰዎች ይህን ሠራን፣ ያንን ሠራን ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ አስፋልት አላነጠፍኩም። ያቺን አንዲት ር ግን የያዝኳት እኔ ነኝ።