ከእርቁ ጉድጓድ የወጣው ቢላ

— ሄሎ?… አዎ፣ ማናልሞሽ ነኝ። ማን ልበል?… ከፈለኝ! ቆይ እንዳትዘጋው። ከጠዋት ጀምሮ ስደውልልህ የት ነበርክ?

— የምን ሽልማት?… የዓለም የሰላም ሽልማት? ለድርጅትህ?… በእኛ እርቅ! እሰይ፣ የኔ ጀግና። አሁን እሱን ተወውና ንገረኝ፤ ቢላው የት ነው?

— የቱ ቢላ ትለኛለህ? ልጄ የተወጋበት ነዋ! ሽማግሌዎቹ ወንዙ ዳር የቀበሩት… ሄሎ? ትሰማኛለህ?… አንተ ነህ ያወጣኸው?

— ማቴዎስ፣ ተቀመጥ። ራሱ ነው የቆፈረው፤ እያመነ ነው።

— አዎ፣ ማቴዎስ እዚህ ነው። የገዳዩ አባት፣ እኔ ቤት! ጉድጓዱን ባዶ ቢያየው ደም ልንመልስ የተነሳን መስሎት ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርቷል። እኔን ሊለምን መጣ፣ ምስኪን።

— ለፈረንጆቹ ለማሳየት?… መስታወት ውስጥ አድርገህ?… አንተ እዚህ ሚዛን ከተማ ስታስተምር ኖረህ፣ የእርቅ ቢላ ከወጣ እርቁ እንደሚፈርስ አታውቅም? ሲቀበር ቆመህ ፎቶ ስታነሳ አልነበር?

— "ለሰላም ብዬ ነው" አትበለኝ! በቁስሌ እንጨት እየሰደድክ የምን ሰላም ነው? መልሰው!

— ቦሌ ነኝ?… ሻንጣው ከነቢላው አውሮፕላን ገባ?… ወይኔ ልጄ! እንዲያው ምን ዓይነት ሰው ነህ?

— እሺ፣ ስማ። ወንድሜ አስረስ "ቢላውን ያወጡት እነ ማቴዎስ ናቸው፣ እርቁን ንቀውታል" ብሎ ጠመንጃውን ሲወለውል ነው ያደረው። የኔን ቃል አይሰማም፤ "ልብሽ ራርቶ ነው" ይለኛል። ካንተ አፍ ከሰማ ግን ያምናል። አሁኑኑ ደውልለትና "እኔ ነኝ የቆፈርኩት" በለው።

— ለምን አይሆንም?… ወሬው ከወጣ ሽልማቱን ይነሱኛል?… ይንሱሃ! ሰው ከሚሞት ይንሱህ! በልጄ ደም ልትሸለም ሄደህ የሌላውን ልጅ ልታስገድል ነው?

— ጮህኩ፣ አዎ! ገና እጮሃለሁ! ከፈለኝ… ኋላ ሳይሆን አሁን ደውልለት… ሄሎ?… ሄሎ!

— ዘጋው። ዘጋው እኮ፣ ማቴዎስ!

— ተነስ፣ አታልቅስብኝ። ያንን ጋቢዬን አቀብለኝ። ቢላው ተመልሶ እስኪቀበር አንተ ቤት ነው የማድረው። አስረስ እኔ በተኛሁበት ቤት ላይ አይተኩስም።