ሰሙ ሲገፈፍ

— ሄሎ… አዎ፣ እፀገነት ነኝ፣ ሞጣ፣ ጥገና ቤቱ… እንዴ፣ የኔታ ወልደ ሰንበት! እንዴት ሰነበቱ? ቢቸና ሁሉ ደህና?

— ምን አሉኝ?… የቤተ ክርስቲያኑ አቧራ መጣጭ፣ ቫኪዩሙ፣ ቀጥ አለ? በንግሡ ዋዜማ?

— ኤሌክትሪክ ሠሪያችሁ ሐብታሙ፣ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ተቃጥሏል አለ? ከፍቶ አይቶት ነው?… ሳይከፍት። እንግዲያ ነቢይ ሆኗላ።

— እየሰማሁዎት ነው… ኮሚቴው «ለአባ ገብረ ሕይወት መጥረጊያቸውን መልሱላቸው» አለ? ከነአስማቸው? አምና ያንን ምንጣፍ ጠርገው ሐኪም ቤት የተኙትን ረሱት?… ይቅር ይበሉኝ የኔታ፣ ተናድጄ ነው። እኔ እያለሁ አባ መጥረጊያ አይነኩም።

— ከፋለ፣ ሬዲዮኑን ቀንስልኝ፤ ከየኔታ ጋር ነኝ።

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል?… እስቲ ቁልፉን ይጫኑት… ባትሪው ላይ ብቻ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም። ሞተሩስ?… ዝም። ባትሪው ለብቻው በጎኑ ቀዳዳ ቻርጅ ሲደረግ አረንጓዴ ያበራል?… በጣም ጥሩ። ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው። ቦርዱ ግን ባትሪውን አላየውም፤ መሃላቸው የገባ ነገር አለ።

— ሥራ ሲያልቅ ባትሪውን የት ያስቀምጡታል?… ልጆች እንዳይነኩት… ከጧፉ ሣጥን ውስጥ? ትኩሱን?… አልሳቅሁም የኔታ… እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ።

— ገልብጠው አናቱን ይዩልኝ። ቢጫ ቢጫ ብረቶች አሉ… አይታዩም? ምን ለብሰው?… ሰም! በቃ፣ ተገኘ። ትኩሱ ባትሪ ጧፉን አቅልጦ ተለቀለቀ። ሰም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

— ኧረ በቢላ አይሆንም! በጥፍርዎ፣ ካልሆነም በስንጥር፣ ቀስ ብለው። ባትሪው የሚገባበትንም እንደዚያው… ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት… ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ።

— አቤት?… ወርቅ መሰለ? ይመስላላ፣ ወርቅ ይቀቡታል እኮ… እኔ አላልኩም፣ እርስዎ ነዎት ያሉት። ዕድሜ ልክዎን ለቅኔ ተማሪ «ሰሙን ገፍፈህ ወርቁን አውጣ» ሲሉ ኖረው፣ ዛሬ በጥፍርዎ አወጡት።

— አሁን ይግጠሙት። ቀጭ ማለት አለበት… አለ? ይጫኑ።

— …

— ሰማሁት! ከፋለ፣ ና ስማ፣ ቢቸና ላይ ሲያጓራ! ቦርዱ ተቃጥሏል ተብሎ ነበር እኮ… የኔታ? ያ የሚስቀው ማነው?… አባ ናቸው? እስቲ ይስጡልኝ።

— አባ፣ እፀገነት ነኝ… እርስዎም ይኑሩልኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መጥረጊያውን የት አደረጉት ታዲያ?… ለኮሚቴው ሰብሳቢ? በእጁ?… ተቀበለዎት?… አበጁ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ይጥረግበት።

— ሄሎ?… አባ፣ አይሰማኝም፤ ማሽኑ ጮኸብኝ… የለም የለም፣ እንዳያጠፉት! ይጩህ፤ ስልኩን እኔ እዘጋዋለሁ።