ቺንጋ ስል ባባ ጂን ሰማ

እኛ ኩዌት በነበርንበት ጊዜ፣ ያ ኮሮና ሰውን ሁሉ እቤቱ ዘግቶ ባስቀመጠበት ጊዜ ማለቴ ነው፣ ሚሽሪፍ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ነበር የምሠራው። እና የአሠሪዬ የማዳም ባል፣ ባባ ነው የምለው፣ በረሃ ላይ ፍየሎች ነበሩት። ጠባቂያቸው ዓም ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፣ ብቻውን ነው እዚያ። ታዲያ ውሃ የሚያመላልስለት ሠራተኛ በሽታው ያዘውና ኳራንቲን ገባ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። የኩዌት ሐምሌ እኮ ነው ልጆቼ! ሽማግሌው ስልኩንም አያነሳ። ማዳም "በውሃ ጥም ሊሞት ነው!" ብላ ቤቱን ቀወጠችው።

ባባ በስንት መከራ ተስሪህ አወጣ፣ የመውጫ ፈቃድ ነው። "ሐሊማ፣ ያላ!" አለኝ፣ ሄድን። አስፋልቱ ሲያልቅ መኪናውን አቆምንና ከኋላ ጎትተን ያመጣናትን ባጊ አወረድን። ባጊ ማለት አሸዋ ላይ የሚነዷት ክፍት መኪና ናት። እና ያን ሁሉ ጀሪካን ቆለለባት። "በዛ ባባ፣ በሁለት ጊዜ እናመላልሰው" ብለው፣ "አንቺ ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ!" አለኝ።

ትንሽ እንደሄድን አሸዋው ያዛት። ታዲያ ለከባድ ቦታ የተሠራ ትንሽ ማርሽ እያላት፣ ባባ በፍጥነቱ ማርሽ እንደሆነ ነዳጁን ይረግጣል። እሷ ኡኡኡ! ትላለች፣ ጎማው ግን ንቅንቅ የለም። ይረግጣል፣ ኡኡኡ! ትላለች። ያኔ አንድ ሽታ መጣብኝ። አባቴ ወሎ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው፣ እና እህል ሲበዛበት ቺንጋው፣ ሞተሩና ወፍጮው ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ይንሸራተትና ልክ እንደዚያ ይሸታል፣ ጎማ ሲቃጠል። በአረብኛ ቺንጋን ምን እንደሚሉት ከየት ላምጣው? "ባባ! ቺንጋ! ቺንጋ!" አልኩት እየጮህኩ።

እሱ ምን ሰማ መሰላችሁ? ጂን!

"ወይን ጂን? ወይን?" የት አለ ማለቱ ነው፣ ብሎ ዘሎ ወረደ። "አዑዙ ቢላህ! አዑዙ ቢላህ!" እያለ ሲሮጥ አንድ ጫማው አሸዋው ውስጥ ቀረ። እናንተ ትስቃላችሁ፣ ለካ ቺንጋዋን ያተረፋት እግሩ ከነዳጁ ላይ መነሳቱ ነው።

"ጂን አይደለም ባባ፣ ሹፍ!" ብዬ ጭሱን አሳየሁት። የቺንጋዋን ክዳን ፈታን። አጀብ ነው ያየሁት! ቺንጋዋ የምትዞርባቸው ሁለት ፑሌጃዎች አሉ፣ እና "ስትፈጥን ይሄኛው ይጠብባል፣ ያኛው ይሰፋል፣ በራሳቸው ነው" አለኝ ባባ። የአባቴ ወፍጮ እንዲህ ያለ ነገር የት ያውቅና! ያን ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ውሃ፣ እኛንም ጨምራ የምትጎትተው ሦስት ጣት የምትሰፋ የጎማ ቺንጋ ናት። አንድ ቦታ ላይ ተበልታ ሳስታለች፣ የፑሌጃውም ፊት ተቃጥሎ ጠቁሯል። ባባ "ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ ያደረግሁት?" አለ።

ከዚያ እስክትበርድ መጠበቅ መጣ። እሱ ነው የጨነቀኝ፣ ሰው እየተጠማ ቁጭ ማለት! "ያላ ሐሊማ፣ እንሂድ!" ይላል፣ "ቆይ ባባ፣ አሁን ከተበጠሰች በእግር ነው" እለዋለሁ። ግማሹን ጀሪካን አወረድን፣ በትንሹ ማርሽ ቀስ ብሎ አስነሳት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለች ሄደች፣ ጠቅ ባለች ቁጥር ያቺ የሳሳችው ቦታ ዞራ መጣች እያልኩ እቆጥራለሁ።

ደረስን። ዓም ኢድሪስ በረቱ ጥላ ሥር ተቀምጧል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አጠገቡ ገና የወለደች ፍየል ቆማለች፣ እና ፊቷ የተቀመጠው ሳህን ውስጥ ውሃ አለ። ውሃ! ባባ ጀሪካኑን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"ይሄን ለምን አልጠጣህም?" አለው።

"አራስ ናት" አለ ሽማግሌው፣ ድምፁም አይወጣ። "እኔ እናንተ እንደምትመጡ አውቃለሁ፣ እሷ ግን አታውቅም።"

ሱብሃነላህ! እኛ እኮ ልጆቼ፣ ለጥቂት ሳንመጣ ቀርተን ነበር።