የሚጮኸው ዳሽቦርድ

ባሌ ቤንዚን የተወደደ ሰሞን የመኪናችንን ዳሽቦርድ እንደ ልቡ ቀያየረላችሁ። በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደምንሄድ የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን መሪው አጠገብ ለጠፈ። ነዳጁ ጠንከር ተደርጎ ሲረገጥ የሚጮህ ነገር ደግሞ ከሥሩ ገጠመ። እኔ ልንዳ እሱ ይንዳ፣ ዓይኑ ከዚያ ስክሪን አይነቀልም።

አንድ ጠዋት ኮሜርስ ሲቲ የምትባለው ከተማ ሥራው ላደርሰው፣ ከቻምበርስ ሮድ በመግቢያው በኩል ወደ ሃይዌዩ ልገባ ስል መስታወቱን አየሁ፤ ትልቅ ትራክ እየከነፈ ይመጣል። ቀድሜው ልግባ ብዬ ረገጥኩት። ያ ነገር ጲጵ ጲጵ ማለት ጀመረ። «ኧረ እግርሽን አንሺ፣ ቁጥሩ ወረደ እኮ!» አለኝ። ለምዶብኝ አነሳሁ። መኪናዋ ወዲያው ደከመች፤ መግቢያው እያለቀ ነው፤ ትራኩ በጡሩምባው አምባረቀብን። «ትራኩን አታይም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። ቀና ቢል ትራኩ መስኮቱን ሞልቶታል። «ንጂው! በማርያም ንጂው!» አለ። እስከ ወለሉ ረገጥኩትና ለጥቂት አምልጠን ገባን።

ያ ነገር ግን ይጮኻል። ባሌ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን መነጨቀው። የኔ ንዴት ግን አልበርድ አለኝ።

«አሁንስ ስንት አለ?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ቁጥሩ ነዋ!»

«እኔ እንጃ» አለኝ፣ «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

የሥራ ቦታውን መውጫ ማለፋችንን ያወቅነው ብዙ ከሄድን በኋላ ነው።