ሞት እንዲንቀው

ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ሕፃን የታቀፈች እናትና መልኳ ጠቆር ያለ ወጣት ጨዋታ ጀመሩ።

«ሲያምር! ስሙ ማነው?» አለች ወጣቷ።

«ባሪያው።»

«ምነው እንዲህ አልሽው?»

«ልጅ አልበረክትልኝ ቢል ነዋ፣ እታለም። ሞት እንዲንቀው ብዬ።»

«ወንድሜንም የክፍሉ ልጆች ባሪያ ይሉት ነበር።»

«ለጨዋታ ነው እንጂ፣ ምን ክፋት አለው?»

«ቢመረው ትምህርቱን ጥሎ በረሃ ወረደ። እዚያው ወባ ገደለው። ሞት አልናቀውም።»

እናትየዋ ልጇን ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው።

«ታዲያ ስሙን ልለውጠው? ብለውጠውና ቢሞትብኝስ?»

«እኔ እንጃ፣ እህቴ።»

ሕፃኑ ወደ እኔ ዞሮ ሲስቅልኝ፣ በምን ስም ጠርቼ እንደማጫውተው ጠፋኝ።