ሳጥኖቹን ያቆይለት

«እንዴት ዋልክ ወንድምዬ? ይሄ ገመድ ዛሬም አሰቃየህ? አምጣ፣ አንዱን ጫፍ ልያዝልህ» አለች ዘፋኟ፣ ከድምፅ ባለሙያው አጠገብ ቁጢጥ ብላ።

ጊታሪስቱ ትንሽ ራቅ ብሎ መድረኩ ላይ ተንበርክኮ ፔዳሎቹን፣ በእግር እየተረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚቀያይሩትን ትናንሽ የኤሌክትሪክ ሳጥኖች፣ ይደረድራል። እንደሚሰማት ታውቃለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ለይምሰል ነው። የባንዱ ድራመር ታናሽ ወንድሟ ነው። ትናንት ጊታሪስቱ ለአዳራሹ ባለቤት «ድራመር ምን ያደርግልዎታል? እኔ በአንዲት ሳጥን እሸፍነዋለሁ» ብሏቸዋል። ሰውዬው ዛሬ ማታ ሰምተው ሊወስኑ ነው፤ ድራሙ ግን ከወዲሁ ጥግ ተገፍቷል።

«ደግሞ እኮ ሳጥኖቹ ሲያምሩ! ያቺ ቢጫዋ ዲስቶርሽን ናት አይደል? ድምፁን የምታሻክረው። እሷ ከተረገጠች ትክክለኛውም ስሕተቱም እኩል ይጮሃል... እኩልነት እንዲህ ነው እንጂ! ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይላሉ። የታደለ ሰው ግን ባለቤቱ ባይጮህም ሳጥኑ ይጮህለታል። ዲሌይዋስ? አንዴ የነካውን ደጋግማ ትመልስለታለች። እኔና አንተ አንዴ አጥፍተን እናልፋለን፤ ለአንዳንዱ ግን... ይደጋገምለታል።

ኮረሷ አንዱን ጊታር ብዙ ታስመስላለች አሉ። እኛ እንኳ አንዱንም ስንፈልግ ነው የከረምነው... ሪቨርቧ ደግሞ ጠባቡን ክፍል ሰፊ ባዶ አዳራሽ ታስመስላለች። እሷስ ምን አደከማት? አንዳንድ ሰው ገና ሲጀምር አዳራሹ በራሱ ባዶ ይሆን የለ?»

የድምፅ ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ይጠቀልላል። ሳቁ ትከሻውን ያርገፈግፈዋል።

«ምቀኛ አትበለኝ፣ አደንቃለሁ! በተለይ ያቺ መቃኛዋ... ያለፈው ሳምንት ትዝ ይልሃል? ክሩን ሲቃኝ ድምፅ እንዳይወጣ የምትዘጋዋን ረገጣትና እዚያው ረሳት። ከዚያማ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወገቡን ለምጦ፣ ጥርሱን ነክሶ ያንን ሁሉ ሶሎ ተጫወተው! ጠብ ያለ ድምፅ አለ? የኔ ወንድም ብቻ ድራሙን ይወቃል። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ! እሱም እጅ ነሳ። የአዳራሹ ባለቤት ራሳቸው ‹ዛሬስ ጊታሩ በሰለ› አላሉም? ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር... ለካ እውነት ነው። እውነቴን ነው፣ እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም።

አሁን ደግሞ ሉፐሯ መጣች። ጊታሩን ሆድ ሆዱን መታ መታ ያደርጋል፣ እሷ ቀድታ ትደጋግመዋለች... ድራመር ሆነ ማለት ነው! አንድ እንጨት አይነድም ያሉት አባቶች ይቺን ሳያዩ ነው። ወንድሜማ ሥራው ምን ነበር? መምታት ብቻ። ሰው ሪትም ሲጠፋበት ጠብቆ፣ ሳያሳፍር፣ ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መመለስ... ይሄም ሥራ ተብሎ? ሳጥኗ እንኳ ሰው አትጠብቅም። የተሳሳተውንም እንደተሳሳተ ነው ስትደጋግም የምታመሸው... ግን ማን ይሳሳታል? እሱ?»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ሰለለ። ወንድሟ ከቤት ሲወጣ ዱላዎቹን ይዞ ልውጣ አልውጣ ብሎ በሩ ላይ መቆሙ ትዝ አላት። ጊታሪስቱም እጁ ገመዱ ላይ ቀርቷል። ቀና አላለም፤ ጆሮው ግን ቲማቲም መስሏል።

ዘፋኟ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈችና ፊቷን ወደሱ አዙራ፣ ልክ እንደ እናት፣ ፈገግ አለች።

«እኔ ለሰው ክፉ አልመኝም። ዕድሜ ይስጠው፣ ጤና ይስጠው፣ ሳጥኖቹን ያቆይለት። ከሁሉ ከሁሉ ግን... ፈጣሪ ዘመኑን ሙሉ መብራት አያጥፋበት! አሜን በል እንጂ ወንድምዬ።»