ሪሞቱ ሲዞር የዋለበት እሁድ

ዲሹን ከጣሪያ አስወርጄ ኢንተርኔት ያስገባሁ ሰሞን ካባላጋላ በሚባለው የስደት ሰፈራችን ውስጥ ከእኔ በላይ የሰለጠነ ሰው አልነበረም። «ከእንግዲህ ጣቢያው የሰጠንን ሳይሆን ራሳችን የመረጥነውን ነው የምናየው!» እያልኩ ምግብ ቤቴ የመጣውን ሁሉ አደነቆርኩት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ታደሰንና ሚስታቸውን እትዬ አልማዝን ቤቴ ፊልም ጋበዝኳቸው። ከሜንጎ ሰፈር ድረስ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ መጡ።

ሪሞቱን በሁለት እጄ ለጋሽ ታደሰ አቀረብኩ። «ኧረ በሰው ቤት! አንተው ምረጥ።» «እርስዎ እያሉ? በጭራሽ!» ጋሽ ታደሰ ለእትዬ አልማዝ አሳለፉት። እሳቸው ለባለቤቴ ሰጡ፣ ባለቤቴ መልሳ ለእኔ። «በሞቴ» ተባለ፣ «አፈር ስሆን» ተባለ። ቴሌቪዥኑ ሺህ ፊልም ደርድሮ ይጠብቃል፣ እኛ እንግደረደራለን። በዲሹ ጊዜ ቢያንስ የመጣልንን እያየን ጣቢያውን በአንድ ድምፅ እንረግም ነበር። ምሳው ተበላ፣ ቢራው አለቀ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ የፊልሞቹ ዝርዝር ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን አንስተው ተነሱ። «እግዜር ይስጥልን ልጄ፤ እንዲህ ያለ ግሩም ፊልም አይቼ አላውቅም።»

«ክፍል ሁለቱ ይበልጣል፣ ጋሼ» አልኳቸው።